ጆከሩና ኤሱ፦ ከአንድ ቫይረስ የተወለዱ ጀግኖች

(ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ከተደረገ ንግግር)



የተጋበዝኩት ስለ መገለልና አድልዎ እንድናገር ነው። እናንተ ግን ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ሰምታችኋል። «አናግልል» የሚለውን ጽሑፍ በየግድግዳው አንብባችኋል። እኔ ሶሺዮሎጂ ተምሬ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ብሆንም፣ አጭር ልቦለድ ካገኘሁ ሌላው ሁሉ ይረሳኛል። ስለዚህ ዛሬ በልቦለድ በኩል ልምጣባችሁ። ልዩ ኃይል ስላላቸው ጀግኖች እናውራ።

ሱፐርማንን የማያውቅ እጁን ያውጣ! አያችሁ፣ ማንም የለም። ሱፐርማን በሥዕል መጽሔት ላይ ብቅ ያለው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ከእሱ በኋላ የመጡት ጀግኖችም ለረጅም ጊዜ አብዛኞቹ ነጭ፣ ወንድና ጡንቻቸው የፈረጠመ ነበሩ። ጥቁሩ ጀግና ብላክ ፓንተር የመጣው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ታዲያ አካል ጉዳተኛውስ? ወፍራሙስ? ሰው አይቶት ፊቱን የሚያዞርበትስ? እሱ መቼ ነው ጀግና የሚሆነው?

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ ያገኘሁት ከሥዕል ሳይሆን ከአጭር ልቦለዶች ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 «ዋይልድ ካርድስ» የተሰኘ መጽሐፍ በአሜሪካ ታተመ። አዘጋጁ ጆርጅ አር. አር. ማርቲን ነው። ሐሳቡ የተጠነሰሰው በኒው ሜክሲኮ፣ አልበከርኪ ከተማ፣ ጓደኛሞች የጀግኖች ጨዋታ ሲጫወቱ ነው። ከዚያ የተለያዩ ደራሲያን የየራሳቸውን ታሪክ በአንድ ዓለም ውስጥ ጻፉ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 15 ቀን 1946 ከሌላ ዓለም የመጣ ቫይረስ በኒው ዮርክ ሰማይ ላይ ይበተናል። ከተያዙት 100 ሰዎች 90ው ይሞታሉ። ከሚተርፉት 10 ሰዎች የ9ኙ አካል ይለወጣል፤ ሕዝቡ «ጆከር» ይላቸዋል። አንዱ ብቻ መልኩ ሳይበላሽ ልዩ ኃይል ያገኛል፤ እሱ «ኤስ» ይባላል። ካርታ የምትጫወቱ ታውቁታላችሁ፤ የሚደርሳችሁን ካርድ አትመርጡም።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ቫይረሱ አንድ ነው። ኤሱ በጋዜጣ ይሞገሳል፤ ጆከሩ ግን ጆከርታውን በሚባል ሰፈር ተገልሎ ይኖራል። ይህን ልዩነት ያመጣው ማነው? ቫይረሱ ሰውነትን ለወጠ እንጂ ሰፈር አልከፈለም። ሰፈሩን የከፈለው ሰው ነው!

ኧርቪንግ ጎፍማን የተባለው የሶሺዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተመው መጽሐፉ ይህንኑ አስረድቷል። መገለል የሚመነጨው ከሰውየው ምልክት ሳይሆን፣ ሌሎች ለዚያ ምልክት ከሚሰጡት ትርጉም ነው።

ደራሲዎቹ ስለ ኤድስ ነው የጻፉት አልላችሁም። ዘመኑን ግን አስታውሱ። ራያን ኋይት የሚባል የኢንዲያና ልጅ በሕክምና በተሰጠው የደም ውጤት ምክንያት በኤች.አይ.ቪ ተይዞ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ትምህርት ቤት እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር። መብቱን ለማስከበር ታግሎ ወደ ክፍል ተመልሷል፤ በ1990 በ18 ዓመቱ አረፈ። ልዩ ኃይል አልነበረውም። እኔ ግን ከጀግኖቹ ተርታ አስቀምጠዋለሁ።

ወደ መጽሐፉ ልመልሳችሁ። ሦስት ሰዎችን ላስተዋውቃችሁ።

የመጀመሪያው ክሮይድ ነው፤ ቫይረሱ ሲመጣ እንደ እናንተ ተማሪ ነበር። በተኛ ቁጥር ሌላ መልክ ይዞ ይነቃል፤ አንዴ ኤስ፣ አንዴ ጆከር። ልቡ ግን ያው ነው! መንገደኛው ዛሬ የሚያደንቀውና ነገ የሚሸሸው አንዱን ልጅ ነው። ክሮይድ እንቅልፍን ከመፍራቱ የተነሳ የሚያነቃ ዕፅ መውሰድ ይጀምራል፤ ዕፁም አእምሮውን ያናጋዋል። ፍርሃት ብቻውን የተተወን ሰው ወዴት እንደሚገፋ ከዚህ ተማሩ።

ሁለተኛው «ኤሊው» ነው። ወፈር ያለ፣ ዓይን አፋር ወጣት ነው። ዕቃን በሐሳቡ ብቻ ያነሳል፤ ግን ፍርሃት ከያዘው ኃይሉ ይጠፋል። ምን አደረገ? የቮልስዋገን አካል ላይ ብረት ለብጦ ውስጡ ገባ። እዚያ ደህንነት ሲሰማው ከተማ የሚያስደንቅ ጀግና ሆነ። ብዙ ወጣት እንዲሁ ነው፤ የሚጎድለው ችሎታ ሳይሆን ሳይፈራ የሚቀመጥበት ቦታ ነው።

ሦስተኛው ኧርል ሳንደርሰን ነው፤ የሚበር ጥቁር አሜሪካዊ። ጓደኛው ጃክ ደግሞ ጥይት የማይበሳው ጉልበተኛ ነው። መንግሥት ኤሶችን እየጠራ «ስለ ጓደኞችህ ተናገር» ባለ ጊዜ ግን ጃክ ተናገረ፤ ኧርል አሳልፎ አልሰጠም። ጥይት ያልበሳውን ሰው የሰው ፊት በሳው!

ይህ ለምን ይመለከተናል? በሥራዬ የማገኛቸው ወጣቶች ከመርፌው ይልቅ «ሰው ምን ይለኛል?» የሚለውን ይፈራሉ። በዚህ ፍርሃት ምርመራ የሚዘገይ አለ፤ መድኃኒቱን ደብቆ ለመዋጥ ሲል ሰዓቱን የሚያሳልፍ አለ። ስለዚህ የጓደኛህን ምስጢር ስትጠብቅ፣ እኅቴ፣ አንቺም ሐሜቱን «ተዪው» ስትዪ፣ ሕይወት እያዳናችሁ ነው። ለዚህ ደግሞ መብረር አያስፈልግም።

አንድ ነገር እንዳታምታቱ። የልቦለዱ ቫይረስ ልቦለድ ነው። ኤች.አይ.ቪ አብሮ በመማር፣ በመጨባበጥ፣ አብሮ በመብላት አይተላለፍም። የሚተላለፈው ጥንቃቄ በጎደለው ግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ በተበከለ ደምና ስለታም ነገር፣ እንዲሁም በእርግዝና፣ በወሊድና በጡት ማጥባት ከእናት ወደ ልጅ ነው። በአገራችን የፀረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድና የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም።

አሁን ተራው የእናንተ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር» የተሰኘ ኢትዮጵያዊ ጀግና በሥዕል መጽሔት ወጥቷል። መሳል የማንችል ብንሆንስ? አጭር ልቦለድ ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ ይበቃዋል። ሥዕል ጡንቻን ያሳያል፤ ልቦለድ ግን የሰውየው ሆድ ውስጥ ያስገባል። ጻፉና በሚኒ ሚዲያችሁ አንብቡ። ሦስት ነገር ብቻ አደራ፦

አንደኛ፣ ጀግናችሁ ኤች.አይ.ቪን በአስማት እንዳያድን፤ ያንን አምኖ መድኃኒቱን የሚያቆም ሰው ሊኖር ይችላል።

ሁለተኛ፣ የምታውቁትን ተማሪ ምስጢር ስሙን ቀይራችሁም ቢሆን አትጻፉ።

ሦስተኛ፣ ቫይረሱ በደሟ ያለባትን ልጅ የሚታዘንላት ብቻ አታድርጓት። ትቀልድ፣ ትናደድ፣ ፈተና ትደፈን፣ ከፈለጋችሁም ትብረር!

 ታሪካችሁን እጠብቃለሁ።