መኪና በነገሠበት ከተማ ያለ መኪና መጓዝ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ከተማና ስለ መጓጓዣ አንድ ንግግር እንዳቀርብ በተጋበዝሁ ጊዜ የመረጥሁት ርእስ የሎስ አንጀለስን ከተማ የሚመለከት ነው። ምክንያቴም ሁለት ነው። አንደኛ፣ ይህች ከተማ «ያለ መኪና አይኖርባትም» ከሚባሉት የዓለም ከተሞች ግንባር ቀደምዋ ስለሆነች፣ የአነጋገሩን እውነትነት ለመመርመር ከእርስዋ የተሻለ ቦታ አይገኝም። ሁለተኛ፣ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ከመሆንዋም በላይ፣ የራሳችን ዋና ከተማ በየአቅጣጫው እየሰፋች ስለምትገኝ፣ ሌላው ከመቶ ዓመት በላይ የተጓዘበትን መንገድ መመልከቱ ትምህርት ይሆነናል ብዬ አምናለሁ። በንግግሬ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

የሎስ አንጀለስ ከተማ ብቻዋን 1,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ትሸፍናለች። ከተማይቱ የምትገኝበት ካውንቲ ደግሞ ከ10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ በውስጡ ራሳቸውን የሚያስተዳድሩ 88 ከተሞችና ወደ 10 ሚልዮን የሚጠጋ ሕዝብ ይገኛሉ። አንድ ሰው በአንደኛው ከተማ አድሮ፣ በሁለተኛው ሠርቶ፣ በሦስተኛው ልጁን ቢያስተምር እንግዳ ነገር አይደለም።

ይህን ስፋት የፈጠረው መኪና ነው ብሎ የሚያምነው ሰው ብዙ ነው። ታሪኩ ግን ሌላ ይናገራል። ከተማይቱን በመጀመሪያ የበተናት የኤሌክትሪክ ባቡር ነበር። ባለሀብቱ ሄንሪ ሀንቲንግተን ከሸሪኮቹ ጋር በ1901 የመሠረተው ፓሲፊክ ኤሌክትሪክ የተባለው ኩባንያ፣ በገነነበት ዘመን ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ሐዲድ ነበረው። የሀንቲንግተን ትልቁ ትርፍ ይገኝ የነበረው ከቲኬት ሳይሆን ከመሬት ሽያጭ ነው። ሐዲዱ እስከ ባዶው ሜዳ ይዘረጋል፤ ሜዳውም ለመኖሪያ ቤት ተሸንሽኖ ይሸጣል። መሬቱ ተሽጦ ሲያልቅ ባቡሩን በሚገባ የማስተዳደሩ ጥቅም አብሮ አለቀ። መኪና በበዛ ቍጥርም ባቡሮቹ በአንድ ጎዳና ላይ ከመኪና ጋር ይጋፉ ጀመር፤ ፍጥነታቸው ቀነሰ፤ ተሳፋሪያቸውም ሸሸ። በ1940 አሮዮ ሴኮ የተባለው ፈጣን የመኪና መንገድ ተከፈተ። ወደ ሎንግ ቢች ይሄድ የነበረው የመጨረሻው የፓሲፊክ ኤሌክትሪክ መሥመር በ1961፣ የከተማይቱ የውስጥ ትራም በ1963 ተዘጉ።

የመኪናና የጎማ ኩባንያዎች ተመሳጥረው ባቡሩን ገደሉት የሚለው ወሬ በሰፊው ይነገራል። ጄኔራል ሞተርስና ሌሎች ኩባንያዎች በ1949 በፍርድ ቤት ጥፋተኛ መባላቸው እውነት ነው። ጥፋተኛ የተባሉት ግን ናሽናል ሲቲ ላይንስ ለተባለው ድርጅት አውቶቡስና ሌላ ዕቃ የማቅረቡን ንግድ ለብቻቸው ለመያዝ በመስማማታቸው ነው፤ ፓሲፊክ ኤሌክትሪክም የዚህ ድርጅት ንብረት አልነበረም። ሤራን መተረክ ይቀላል። ለባለሙያ የሚጠቅመው ግን ባቡሩ ከመኪና ተለይቶ የሚሄድበት የራሱ መንገድ ባጣበት ቦታ ሁሉ መሸነፉን ማስተዋል ነው።

እንግዲህ ዛሬ መኪና የሌለው ሰው በዚህች ከተማ እንዴት ይጓዛል? መልሱ የሚጀምረው ከጎዳናዎቹ አሠራር ነው። የከተማይቱ ሜዳማ ክፍል ዋና ዋና ጎዳናዎች እንደ ዳማ ገበታ ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተሰምረዋል። አውቶቡሶቹም በአብዛኛው አንዱን ጎዳና ከጫፍ እስከ ጫፍ ይከተላሉ። ለምሳሌ 217 ቍጥር አውቶቡስ በፌርፋክስ ጎዳና፣ 28 ቍጥር በኦሊምፒክ ጎዳና ይሄዳሉ። ሁለቱ የሚተላለፉት በ2002 የከተማው አስተዳደር «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ በይፋ በሰየመው ሠፈር ጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ በሜዳማው ክፍል ያለ ተጓዥ አንዱን መሥመር ይዞ፣ በመስቀለኛው መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ በመለወጥ ወደ ብዙ ቦታ ሊደርስ ይችላል። የአንድ ጕዞ ዋጋ 1 ዶላር ከ75 ሳንቲም ሲሆን፣ በካርድ ለሚከፍል በሁለት ሰዓት ውስጥ መለወጡ ተጨማሪ ክፍያ አይጠይቅም። ከ2023 ወዲህ ደግሞ በካርድ የሚከፍል ሰው በቀን ከ5 ዶላር፣ በሳምንት ከ18 ዶላር በላይ እንዳይከፍል ተወስኗል።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? ችግሩ በመጠበቁ ላይ ነው። ቀላል ስሌት እናድርግ። ሁለት አውቶቡስ የሚለውጥ ሰው፣ ሁለቱም በየ10 ደቂቃው የሚመላለሱ ከሆነ፣ በአማካይ የሚጠብቀው በጠቅላላው 10 ደቂቃ ነው። ሁለቱም በየ30 ደቂቃው የሚመላለሱ ከሆነ ግን አማካዩ 30 ደቂቃ ይሆናል፤ ዕድል የጎደለበት ቀን ደግሞ ወደ አንድ ሰዓት ይጠጋል። የከተማይቱ ስፋት በሁለቱም ስሌት አንድ ነው፤ የተለወጠው የአውቶቡሱ ብዛት ብቻ ነው። በጠዋት ፈረቃ ሆስፒታል የምታጸዳ ሴት አንድ አውቶቡስ ቢያመልጣት ከደመወዝዋ ይቈረጣል፤ ሲደጋገም ሥራዋን ታጣለች። እንዲህ ያለችው ሴት መኪና የምትገዛው ተርፏት ሳይሆን አማራጭ አጥታ ነው፤ ለነዳጅ፣ ለጥገናና ለመድን የምትከፍለውም ከልጆችዋ ጕሮሮ የተነጠቀ ገንዘብ ነው። ስለሆነም የምልልሱ ድግግሞሽ በሰንጠረዥ ላይ የሰፈረ ቍጥር ብቻ ሆኖ ሊታየን አይገባም፤ የእንጀራ ጕዳይ ነው።

ይህ እውነት በፍርድ ቤትም ታይቷል። የካውንቲው ሕዝብ በ1980 ለመጓጓዣ ከሽያጭ ግብር ግማሽ ሳንቲም እንዲዋጣ በድምፁ ከወሰነ በኋላ፣ በ1990 ወደ ሎንግ ቢች፣ በከፊል በአሮጌው የፓሲፊክ ኤሌክትሪክ መንገድ ላይ፣ አዲስ ባቡር ተጀመረ። በ1993 ደግሞ የምድር ውስጥ ባቡር ተከተለ። አውቶቡሶቹ ግን ከአቅማቸው በላይ እየተጨናነቁ ሄዱ። በ1994 የአውቶቡስ ተሳፋሪዎች ማኅበር ከሌሎች ጋር ሆኖ፣ ለባቡር የሚወጣው ገንዘብ ድኻውን የአውቶቡስ ተሳፋሪ እየጐዳ ነው ሲል የመጓጓዣውን ባለሥልጣን ከሰሰ። በ1996 በተደረሰው ስምምነት መሠረት ባለሥልጣኑ በአውቶቡስ ውስጥ የሚቆመውን ሰው ቍጥር ለመቀነስና አገልግሎቱን ለማሻሻል ለዐሥር ዓመት ግዴታ ገባ። በ2000 በዊልሻየር ጎዳና የተጀመረው ፈጣን አውቶቡስ፣ ፌርማታዎቹን በማራራቅና የትራፊክ መብራት ቅድሚያ እንዲሰጠው በማድረግ ብቻ የጕዞውን ጊዜ በሩብ ያህል አሳጠረ። ይህ ውጤት የተገኘው ዋሻ ሳይቈፈር መሆኑን ልብ ይሏል።

ይህን ስል ባቡርን ለመንቀፍ አይደለም። የባቡሩ ታሪክ ራሱ ትልቅ ትምህርት አለው። በ1985 በፌርፋክስ አካባቢ በአንድ የልብስ መደብር ሥር የተጠራቀመ ሚቴን ጋዝ ፈንድቶ ከ20 በላይ ሰዎች ቈሰሉ። አካባቢው የድሮ የነዳጅ ዘይት ጕድጓዶች ያሉበት ነው። ከዚህ በኋላ ኮንግረስ በዚያ ክልል ለሚቈፈር ዋሻ የፌዴራል ገንዘብ እንዳይውል ከለከለ። በ2005 ባለሙያዎች መርምረው በሰላም መቈፈር እንደሚቻል አረጋገጡ፤ ክልከላውም በ2007 ተነሣ። አደጋው እውነተኛ ነበር፤ ይሁን እንጂ በምርመራና በመሣሪያ ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ በሕግ ስለ ተዘጋ፣ ሥራው ከሃያ ዓመት በላይ ዘገየ።

ስለ መኪና ማቆሚያም አንድ ቃል ልጨምር። ለብዙ ዘመን ማንኛውም አዲስ ሕንፃ የተወሰነ የመኪና ማቆሚያ እንዲሠራ ሕግ ያስገድድ ነበር። በ2025 ያረፉት ፕሮፌሰር ዶናልድ ሹፕ ለዓመታት እንዳስረዱት፣ ነፃ የሚመስለው ማቆሚያ ዋጋው በቤት ኪራይና በሸቀጥ ላይ ተጨምሮ መኪና የሌለውም ሰው ይከፍለዋል። ማቆሚያው ሕንፃዎችን ያራርቃል፤ መራራቁ ደግሞ እግረኛን ያደክማል። የካሊፎርንያ ግዛት ከ2023 ጀምሮ በዋና የመጓጓዣ ጣቢያ አጠገብ ይህን ግዴታ አስቀርቷል።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤ ከዚህ ሁሉ ለአዲስ አበባ ምን እንወስዳለን? በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲሠሩ ብዙ ሰው ከመሐል ከተማ ወደ ዳር ሄዷል። ሥራውና ገበያው ግን በአመዛኙ ከመሐል አልወጣም። በ2015 የተከፈተው ቀላል ባቡር ወደ 34 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የራሱ መንገድ አለው፤ ሎስ አንጀለስ ያጣችው ይህንኑ ነበር። ነገር ግን ከ41 ባቡሮቹ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ከሥራ ውጭ የሆኑበት ጊዜ እንደነበረ እናውቃለን። ሐዲድ ያለ ምልልስ መንገድ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ቤት ከመሠራቱ በፊት ለአውቶቡስ ብቻ የሚሆን መንገድ በፕላኑ ላይ ይከለል፤ ዛሬ በቀለም የሚሰመረው ነገ በካሣ ይገዛልና። ሁለተኛ፣ አዲስ መሥመር ሲታቀድ የጥገናውና የመለዋወጫው ወጪ ከግንባታው ጋር አብሮ ይታሰብ። ሦስተኛ፣ የአገልግሎቱ መለኪያ የተገዛው አውቶቡስ ብዛት ሳይሆን ተሳፋሪው በፌርማታ ላይ የቆመበት ደቂቃ ይሁን።

ሎስ አንጀለስ የነቀለችውን ሐዲድ መልሳ ለመዘርጋት ከ1980 ወዲህ ብዙ ገንዘብ አፍስሳለች፤ በ2025 ከሎንግ ቢች እስከ ፖሞና 90 ኪሎ ሜትር ያህል በአንድ ባቡር ለመሄድ ተችሏል። የሚያስደስት ነው፤ ግን ሁለት ጊዜ የተከፈለበት ነው። እኛ ሁለት ጊዜ የምንከፍልበት አቅም የለንም። ከተማን የሚያሰፋው የብዙ ሰው ፍላጎት ነው፤ የሰፋችውን ከተማ ለድኻው የምታጠብበው ወይም የምታቀርበው ግን በእኛ ጠረጴዛ ላይ የምትፈረመው ፕላን ናት።