ለጤነኛ ጫጩት መድኃኒት ለምን?

ዛሬ የመናገር ተራው የእኛ የሥጋ ዶሮ አርቢዎቹ ነው። ስለ አንድ ተህዋስ ልናወራ መርጠናል፤ ዞሮ ዞሮ ከገንዘባችንም አይርቅም።

ሳልሞኔላ ይባላል። ስሙን ስንሰማ ብዙዎቻችን ታይፎይድን እናስባለን። ዘመዳሞች ናቸው፤ የታይፎይዱ ግን ከሰው ወደ ሰው እንጂ ከዶሮ አይመጣም። እኛ የምንለው በዶሮ አንጀት የሚኖረውን ነው። ዶሮዋ ጤነኛ መስላ፣ እየበላች እየወፈረች በኩሷ ታስተላልፈዋለች። ሰው ሲይዝ ተቅማጥ፣ ትኩሳትና ቁርጠት ያመጣል። አብዛኛው ሰው ያለ መድኃኒት ይድናል። በሕፃናት፣ በአዛውንትና ሰውነታቸው በደከመ ሰዎች ላይ ግን ደም ውስጥ ገብቶ ሊገድል ይችላል። አንቲባዮቲክ የግድ የሚሆነው ያኔ ነው።

ታዲያ አንቲባዮቲኩ ላልታመሙ ጫጩቶች «ለጥንቃቄ» እየተባለ በውሃ ሲሰጥ ደካማው ተህዋስ ይሞታል፤ መድኃኒቱን የለመደው ተርፎ ይራባል። በካናዳ፣ በኩቤክ፣ ጫጩት አስፈልፋዮች ሴፍቲዮፉር የሚባል መድኃኒት እንቁላሉን ይወጉ ነበር። ሐኪም ቤት የተኛ ዘመድ ያስታመመች ሁሉ የምታውቀው ሴፍትሪያክሶን የዚሁ የቅርብ ዘመድ ነው። መድኃኒቱ የማይበግረው ሳልሞኔላ በዶሮ ሥጋም በሕሙማንም ላይ በዛ። እ.ኤ.አ. በ2005 አስፈልፋዮቹ በፈቃዳቸው ሲያቆሙ በሁለቱም ላይ ቀነሰ። በ2007 በከፊል ሲመለሱበት ደግሞ እንደገና ጨመረ። ለእኛ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

«ተዉት» ማለት ግን ቀላል ነው። ዶሮዎቻችን ለገበያ የሚደርሱት በ45 ቀን ገደማ ነው፤ በመካከል ካለቁብን ብድሩ ይጠብቀናል። ስለዚህ መድኃኒቱን ምን ይተካዋል? ክትባት በጊዜው፣ ንጹሕ ውሃ፣ ለጫጩቶቹ በቂ ሙቀት፤ አንዱ ዙር ተሽጦ ሲያልቅ ጉዝጓዙን ጠርጎ፣ ቤቱን አጥቦ አድርቆ ማሳረፍ። ፈንግልና ጉምቦሮ በቫይረስ የሚመጡ ስለሆኑ አንቲባዮቲክ አይነካቸውም፤ ለእነሱ ብሎ ዱቄቱን መበጥበጥ ብርን ውሃ ውስጥ መድፋት ነው።

ስለ ወጥ ቤቱም አንድ ነገር እንበል፣ እንዳትቆጡን። ዶሮ በሎሚና በጨው እየደጋገምን እናጥባለን፤ ሎሚው ሽታውን ይወስድ ይሆናል፣ ተህዋሱን ግን አያጠፋም። የሚያጠፋው እሳቱ ነው። በደንብ የበሰለ ዶሮ ወጥ አያሰጋም። የሚያሰጋው ዶሮ በተገነጠለበት ቢላዋና መክተፊያ፣ ባልታጠበ እጅ፣ ቃሪያና ሰላጣ መክተፍ ነው።

የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከሣጥናችን በየወሩ ጥቂት ተቀንሶ የእንስሳት ሐኪም ቤት ለቤት ዞሮ ይይልን። ዶሮ ሲታመም እሱ ሳያይ መድኃኒት አይገዛ። ሲያዝም መጠኑና ቀኑ ይጠበቅ፤ ሐኪሙ የወሰነው የማቆያ ቀን ሳያልፍ ዶሮ ለእርድ አይሸጥ። ወጪው የማያረቡትንም ስለሚነካ በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ እንስጥበት፤ የምትቃወምም ምክንያቷን ይዛ ትምጣ።