መጽሐፉ የማንን ውሃ ያውቃል?

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ጭሮ የሚመጣ መንገደኛ መተሐራ ሲደርስ በሰቃ ሐይቅን አስፋልቱ ዳር ያገኘዋል። ከዓመት ዓመት እየሰፋ የመጣ፣ ፍሎራይድ የበዛበት ሐይቅ ነው። አዋሽን አልፎ፣ አሰቦትንና ሚኤሶን ትቶ ዳገቱን ሲያያዘው ደግሞ የስምጥ ሸለቆውን ግድግዳ ወጥቶ 1,800 ሜትር ግድም ላይ የምዕራብ ሐረርጌዋ ጭሮ ይገባል፤ አሰበ ተፈሪ ማለቴ ነው። ታች መተሐራ ላይ የጉድጓድ ውሃ እየጠጡ ያደጉ ብዙ ሰዎች ጥርሳቸው በልዟል፤ በጥርስ ቡሩሽ ቢፈተግ፣ በከሰል ቢታሽ አይለቅም። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ጥርስ መጻሕፍት ነው፤ መንገዱን ያስቀደምኩት ግን ያለ ምክንያት አይደለም።

የጥርስ ሕክምና መጽሐፍ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የማየው ስለ ፍሎራይድ ምን እንደሚል ነው። በአሜሪካ፣ ግራንድ ራፒድስ በምትባል ከተማ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1945 የመጠጥ ውሃ ላይ ፍሎራይድ ሆን ተብሎ መጨመር ተጀመረ፤ የልጆች የጥርስ መቦርቦርም ቀነሰ። ከዚያ ወዲህ የተጻፉ ብዙ መጻሕፍት ፍሎራይድን የሚያዩት ውሃቸው ጥቂት ፍሎራይድ ባለው አገር ዓይን ነው። የእኛ ስምጥ ሸለቆ ግን ችግሩ መብዛቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ወንጂ ላይ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ባደረጉት ጥናት ከዚያ እጅግ የበለጠ ውሃ ለዓመታት የጠጡ የስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች ጥርሳቸው ብቻ ሳይሆን አጥንታቸውና አከርካሪያቸው ተጎድቶ ተገኝቷል። እንግዲህ ውሃውን ሳይጠይቅ ለልጅ የፍሎራይድ ክኒን የሚያዝ መጽሐፍ እዚህ አገር ጉዳት ያመጣል።

የተገላቢጦሹም አለ። የመተሐራን ጥርስ አይቶ «ፍሎራይድ መርዝ ነው» ብሎ የጥርስ ሳሙና የሚጥል ወላጅም ልጁን ለመቦርቦር አሳልፎ ይሰጣል። ጥርስ የሚበልዘው ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ፣ እስከ ስምንት ዓመት ግድም ባለው ዕድሜ ነው። ስለዚህ ጥሩ መጽሐፍ መጠኑን ይነግራል፤ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሩዝ ፍሬ ያህል ሳሙና፣ እስከ ስድስት ዓመት የአተር ፍሬ ያህል፣ ልጁም እንዲተፋው። ይህን አንድ መስመር የያዘ ቀጭን መጽሐፍ፣ ለእኔ፣ ካልያዘው ወፍራም ይበልጥብኛል።

ቀጥዬ የምፈልገው ግግን ነው። ሕፃን ሲያስቀምጠው፣ ሲያተኩሰው፣ ጡት እምቢ ሲል «ግግ ይዞታል» ይባላል፤ በአገራችን በብዙ አካባቢ። ድዱ ያበጠ ይመስላል፣ አዋቂ ነኝ የሚል ሰው በሾለ ብረት ወይም በምላጭ ሰንጥቆ ነጭ፣ ለስላሳ ነገር ያወጣና ለእናቲቱ ያሳያታል። ትል ይመስላል። ትል ግን አይደለም፤ ገና ያልጠነከረ የወተት ክራንቻ ነው። ከሥሩ ደግሞ ቋሚው ክራንቻ እየተሠራ አለ። ሕፃኑ ከደም መፍሰሱና ከመንጋጋ ቆልፍ ቢተርፍ እንኳ ዓመታት ቆይቶ ክራንቻው ሳይበቅል ይቀራል፣ ወይም ተበላሽቶ ይበቅላል፣ ጎረቤት ጥርሶችም ቦታቸውን ይለቃሉ። ተቅማጡ ግን በሕይወት አድን ንጥረ ነገር የሚታከም ነበር።

እንደ ፈረንጆች በ1994 እስራኤል ውስጥ ሁለት ሐኪሞች፣ ሆላንና ማምበር፣ በኢትዮጵያውያን ቤተ እስራኤል ልጆች አፍ ውስጥ ይህንኑ አይተው በሕፃናት የጥርስ ሕክምና መጽሔት ጽፈዋል። ክራንቻው ለምን እንደጎደለ የማያውቅ ሐኪም «በተፈጥሮ የሌለ ጥርስ» ብሎ ሊያልፈው ይችላልና ጽሑፉ ትልቅ ነገር ነው። ግግን የማያነሳ የሕፃናት ጥርስ መጽሐፍ፣ ሌላው ሁሉ ቢያምር፣ ለእኛ ጎዶሎ ነው።

ጥርስ በሽቦ ስለማቃናት የሚጻፉት መጻሕፍት ላይ ደግሞ ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ ትክክለኛው ፊት የማን ፊት ነው? ዊልያም ዳውንስ የተባለ አሜሪካዊ እንደ ፈረንጆች በ1948 መንጋጋን በራጅ የሚለካበትን ስሌት ሲያወጣ መነሻ ያደረገው 20 ነጭ ወጣቶችን ነበር። በዚያ ልክ ከተለካ ጤነኛ የሆነ የሐረርጌ ልጅ ከንፈሩ «ወጣ ያለ» ተብሎ ይመዘገባል። ፍንጭትም እንዲሁ፤ በእነሱ መጽሐፍ የሚዘጋ ክፍተት ነው፣ በእኛ ዘንድ የቁንጅና ምልክት። ሽቦ የሚያስፈልገው ልጅ አለ፤ ማኘክ የተቸገረ፣ የላይ ጥርሱ የታች ድዱን የሚወጋ። መጽሐፉ ይህን ከመልክ ምርጫ ለይቶ ካላስቀመጠ ግን የወላጅ ገንዘብ በከንቱ ይወጣል።

ስለ ጫት ምዕራብ ሐረርጌ ውስጥ ሆኖ ዝም ማለት አይቻልም። ቅጠሉ በአንድ ጉንጭ ለሰዓታት ይያዛል፣ አፍ ይደርቃል፣ ምራቅ ሲቀንስ ጥርስ የሚበላውን አሲድ የሚያጥበው ይጠፋል፤ በዚያ ላይ ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ ይጠጣበታል። ለቃሚው «ተው» ብቻ ብሎ የሚያልፍ መጽሐፍ አይነበብም። በለስላሳው ፈንታ ውሃ እንዲጠጣ፣ ሲጨርስ አፉን እንዲጉመጠመጥ፣ ጉንጩ ላይ የማይድን ነጭ ነገር ካየ ሐኪም ዘንድ እንዲሄድ የሚነግረው ግን ይነበባል።

ካየኋቸው መጻሕፍት ሁሉ ለምፈልገው የሚቀርበው ካናዳዊው የጥርስ ሐኪም መሬይ ዲክሰን የጻፈውና እንደ ፈረንጆች በ1983 ሄስፔሪያን የተባለ አሳታሚ ያወጣው፣ ርእሱ በእኛ አፍ «የጥርስ ሐኪም በሌለበት» የሚሆነው ነው። የተጻፈው ለጤና ሠራተኛ ነው። መግል የያዘ ጥርስ እንዴት እንደሚለይ፣ ማደንዘዣ የት እንደሚወጋ፣ ነቀላው እንዴት እንደሚሠራ፣ ምን ሲሆን በሽተኛውን ወደ ሆስፒታል መላክ እንደሚገባ በቀላል ሥዕል ያሳያል። አሳታሚዎቹም ለትርፍ እስካልሆነ ድረስ ገጾቹ እንዲባዙና ለየአካባቢው እንዲስማሙ ያበረታታሉ።

በገለምሶ፣ በበደሳ፣ በሂርና ለሚሠሩ የጤና ባለሙያዎችና ጭሮ ላሉ መምህራን የምለውም በዚሁ ላይ ነው። በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ አዘጋጁት፣ የራሳችሁን ምዕራፎች ጨምሩበት። እኔ ብጠየቅ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የጤነኛ ሕፃን ድድ ሥዕል እንዲገባ፣ ከሥሩም ውስጥ ያለው ክራንቻ እንዲታይ አደርግ ነበር። ከዚያ በየወረዳው የተመረመሩ ጉድጓዶች የፍሎራይድ መጠን ሰንጠረዥ፤ ያልተመረመረው ጉድጓድም ስሙ ይጻፍ፣ ፊት ለፊቱ ያለው ቦታ እስኪሞላ ባዶ ይሁን።