ስለ እህል አሰርና ስለ አንጀት ጤና የተነገረ ንግግር



ዛሬ ልነግራችሁ የተነሣሁበት ነገር በአደባባይ ሊነገር የሚያሳፍር ይመስላል። ነገር ግን ሰው የበላውን እህል በጤና ካላስወጣው መብላቱ ብቻውን አይጠቅመውምና፥ እፍረቱን ለጊዜው ትተን ስለ አንጀት እንነጋገር።

ማለዳ በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ መንገድ የሚሄድ ሰው ሁለት ነገር ያያል። በአንድ ወገን ልጆች ነጭ ዳቦና ብስኩት ገዝተው ወደ ተማሪ ቤት ሲሄዱ ያያል፤ በሌላው ወገን ለወተት ላሞች የሚሆን ፉርሽካ በከረጢት ተጭኖ ሲያልፍ ያያል። እነዚህ ሁለቱ ከአንዲት የስንዴ ቅንጣት የወጡ ናቸው። የዱቄት ፋብሪካው ስንዴውን ሲፈጭ ቅርፊቱን ለይቶ ያወጣዋል፤ ነጩ ዱቄት ለሰው ይሆናል፤ ቅርፊቱ ፉርሽካ ተብሎ ለከብት ይሸጣል። ላሚቱ በመብላቷ አልቀናባትም፥ ወተቷን እንጠጣለንና፤ ለልጁ የቀረለት ምን እንደ ሆነ ግን ማወቅ ይገባናል።

ያ የተለየው ቅርፊት አሰር የሚባለውን፥ ፈረንጆች ፋይበር የሚሉትን ነገር አብዝቶ የያዘ ነው። አሰር ማለት በእህል፥ በጥራጥሬ፥ በአትክልትና በፍራፍሬ ውስጥ ያለ፥ ጨጓራና ቀጭኑ አንጀት ሊፈጩት የማይችሉት ክፍል ነው። «የማይፈጭ ከሆነ ምን ይረባል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥቅሙ ግን ባለመፈጨቱ ነው። አንደኛው ዓይነት አሰር ውኃ ይዞ እስከ መጨረሻው ስለሚወርድ ዓይነ ምድርን ያለሰልሳል፥ ያበዛዋልም፤ አንጀትም ያለ ጭንቅ ይገፋዋል። ሁለተኛው ዓይነት ውኃ ሲነካው የሚያሟልጭ ነው፤ ተልባ በጥብጣ የምታውቅ እናት ይህን ለማስረዳት ከእኔ ትበልጣለች። ይህኛው ከምግብ የሚገኘው ስኳር ወደ ደም በችኰላ እንዳይገባ ያዘገየዋል። ደግሞም በትልቁ አንጀት የሚኖሩ፥ በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ነፍሳት ከአሰሩ ብዙውን ይመገቡታል፤ በፈንታውም የአንጀትን ግድግዳ የሚመግብ አሲድ ይሰጣሉ።

አሰር ሲጎድል ዓይነ ምድር ይደርቃል፤ ሰውም ሲያምጥ ይውላል፤ ማማጡም ሲደጋገም ኪንታሮትን ያመጣል። ከሁሉ የሚያሳዝነው የልጆች ነገር ነው። ልጅ አንድ ጊዜ ካመመው ሁለተኛ ለመቀመጥ ይፈራል፤ ፈርቶም በያዘው ቍጥር ይብስ ይደርቅበታል፤ ሆዱ ተነፍቶ እህል ያስጠላዋል፤ ከመምህሩ ፊት ተቀምጦ ትምህርቱን መስማት ይሳነዋል። ቤተ ሰቡ ይህን ስንፍና ይለዋል፤ ሕመም ግን ነው።

ይህ ነገር ለዓለም ሐኪሞች ጐልቶ የታየው ከእኛ ብዙ በማይርቅ አገር ነው። ዴኒስ ቡርኪት የተባለ አየርላንዳዊ የቀዶ ጥገና ሐኪም በኡጋንዳ፥ በካምፓላ ከተማ፥ በሙላጎ ሆስፒታል ብዙ ዘመን ሠርቷል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1972 ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋር ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ፥ የኡጋንዳ ገጠር ሰዎች የበሉት ምግብ በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ሲወጣ፥ የእንግሊዝ ተማሪዎች ግን ከሦስት ቀን በላይ እንደሚቈይባቸው አሳየ። ይህ ሐኪም ያሰበው ሁሉ እንደ አሳቡ አልተረጋገጠም፤ ዋናው ነገር ግን ጸንቶ ቆሟል። አሰር አብዝተው የሚመገቡ ሰዎች በትልቁ አንጀት ነቀርሳ፥ በስኳር በሽታና በልብ ሕመም የሚያዙት ያነሱ መሆናቸውን ከእርሱ በኋላ የተደረጉ ብዙ ምርመራዎች አሳይተዋል።

እንግዲህ እኛ መድኃኒቱን ከሩቅ መፈለግ አያሻንም። ጤፍ ከቅንጣቱ ማነስ የተነሣ ቅርፊቱን ለመግፈፍ ስለማይመች፥ ነጩም ቀዩም ከነቅርፊቱ ይፈጫል። በ100 ግራም ጤፍ ውስጥ 8 ግራም ያህል አሰር ሲኖር፥ በ100 ግራም ነጭ የስንዴ ዱቄት ውስጥ ያለው 3 ግራም ያህል ብቻ ነው። የጤፍ ዋጋ ከብዙ ቤት አቅም በላይ እንደ ሆነ ግን አውቃለሁ፤ ጤፍ ብሉ ብሎ መምከር ለምክር ሰጪው ቀላል ነው። ስለዚህ ሌላውን እንመልከት። ስንዴውን ራሳችሁ ገዝታችሁ በመንደር ወፍጮ ብታስፈጩትና በወንፊት ባታጠሩት፥ ፉርሽካው ከዳቦው ጋር ይቀራል። የደጋው ገብስ፥ ሽምብራ፥ ባቄላ፥ ምስር፥ የጓሮ ጎመን ሁሉም አሰር የሞላባቸው ናቸው። የጾም ወጥ የድኻ ምግብ ነው ሲባል እሰማለሁ፤ አንጀት ቢናገር ኖሮ በዚህ ባልተስማማ ነበር። ለዳቦና ለብስኩት የምትሰጡትን ሳንቲም ትታችሁ ለልጁ እፍኝ ቆሎ በኪሱ ብትጨምሩለት ይበልጥ ይጠቅመዋል፤ ጥርሱ ላልጠነከረ ሕፃን ግን ቆሎ ጉሮሮውን ሊያንቀው ስለሚችል በሶ ይሻለዋል።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2023 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ፥ ከ6 እስከ 9 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ቢያንስ 21 ግራም፥ ከ10 ዓመት ጀምሮ ላለ ሰው ሁሉ ቢያንስ 25 ግራም አሰር እንዲደርሰው ይመክራል። ነገር ግን በአንድ ቀን አይሙላ፤ ያልለመደ ሆድ ይነፋልና ቀስ በቀስ ይጨመር። ውኃም ከእርሱ ጋር ይጠጣ፤ ደረቅ አሰር ያለ ውኃ ራሱ ማነቆ ይሆናል። ከዓይነ ምድር ጋር ደም የሚወጣው፥ ወይም ሆዱ ደርቆ የሚያስታውከውና የሚከሳ ሰው ግን በቤት ምግብ ብቻ አይታከም፤ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ለመምህራን ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ልጅ ምንም ያህል መልካም እህል ቢበላ፥ የተማሪ ቤቱ መጸዳጃ በር የሌለው ወይም የቆሸሸ ከሆነ እስከ ማታ ይይዘዋል፤ ይልቁንም ሴቶች ልጆች። መውጣት የጠየቀን ልጅ «ቈይ፥ ደወል ይደወል» አትበሉት። ወላጆችም በሚቀጥለው ስብሰባ ስለ ክፍያና ስለ ወንበር ከመነጋገራችሁ በፊት፥ የሴቶቹ መጸዳጃ በር ከውስጥ የሚዘጋ መሆኑንና በአጠገቡ የእጅ መታጠቢያ ውኃ መኖሩን ሄዳችሁ እዩ።