የጥናት ቡድን በቴሌግራም?

እሷ፦ የአንዳንድ የጥናት ቡድን መረጃው፣ ቀጠሮው፣ የልደት ምኞቱ ሁሉ አንድ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ነው። ከሁለት ወር በፊት የተላከውን መጠይቅ ፈልግ ብትባል ታገኘዋለህ?

እሱ፦ ምጥ ነው! ለዚህ እኮ ነው እንደ ትሬሎ ያለው የሥራ ማደራጃ መተግበሪያ የሚሻለው። እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ካርድ አለው፤ ኃላፊው፣ ቀነ ገደቡ፣ ፋይሉ፣ ክርክሩም ሳይቀር እዚያው ነው። "ናሙናው ለምን ተቀየረ?" ያለ ሰው ካርዱን ይከፍታል።

እሷ፦ ኢንተርኔት ካለ!

እሱ፦ እሱስ ልክ ነሽ።

እሷ፦ ነፃ ነው ብሎ መዘናጋትም አለ። ለምሳሌ የቡድን መልእክት መለዋወጫው ስላክ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ ለሚጠቀሙ የሚያሳየው የ90 ቀን መልእክት ብቻ ነው። ጥናት ደግሞ ዓመታት ይፈጃል።

እሱ፦ እንግዲያው የቡድኑ ውሳኔ ወደ ሰነድ ይገልበጥ። የተጠያቂዎች ስምና ስልክ ግን እንዲህ ባሉ መተግበሪያዎች ላይ ባይወጣ ይሻላል።

እሷ፦ ይሻላል ብቻ? ፈጽሞ መውጣት የለበትም! ምስጢር እንጠብቃለን ብለን አስፈርመናቸዋል እኮ።