በቆላ አገር ለምግብ ቤቶችና ለሻይ ቤቶች የሚሆን የመስኮት ጥላ አመራረጥ
(መተማና የምዕራብ ጎንደር ቆላ በምሳሌነት ታይተው፤ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



የመተማ ስም በታሪክ የሚነሣው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁበት ሥፍራ በመሆኑ ነው። በዕለት ኑሮ ግን ከተማዋ ይበልጥ የምትታወቀው በንግድ ነው። ከጎንደር ተነሥቶ በገንዳ ውኃ በኩል ወደ ቆላው የሚወርደው መንገድ የሚያበቃው በመተማ ዮሐንስ ሲሆን፣ ከድንበሩ ማዶ የምትታየው የሱዳን ከተማ ጋላባት ናት። ሰሊጥና ጥጥ የሚነግደው ነጋዴ፣ የጭነት መኪና ነጂው፣ ለአረምና ለአጨዳ ከደጋው የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህም በሱዳን ጦርነት የተፈናቀለው ስደተኛ በዚህች በር ያልፋል። የሚያልፈው ሁሉ ውኃ የሚጠጣው፣ እህል የሚቀምሰው፣ አረፍ ብሎ ላቡን የሚጠርገው በምግብ ቤትና በሻይ ቤት ነው። ስለዚህ የአንድ ሻይ ቤት መስኮት በምን ይጋረድ የሚለው ጥያቄ የጌጥ ጥያቄ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም።

የወረዳው መሬት ከባሕር ጠለል በላይ ከ550 እስከ 1600 ሜትር ገደማ ባለው ከፍታ ውስጥ ይገኛል፤ የጎንደር ከተማ ግን ከ2000 ሜትር በላይ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ የመተማ የቀን ሙቀት እስከ 43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ይህን ያህል የአየር ልዩነት እያለ፣ በቆላው የሚሠሩት አዳዲስ ምግብ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ የደጋውን ቤት መልክ ይዘው ይታያሉ፤ ይኸውም ወደ መንገዱ የዞረ ሰፊ መስታወትና ከመስታወቱ በስተ ውስጥ የተንጠለጠለ ረዥም መጋረጃ ነው። በደጋ ፀሐይ በመስታወት መግባቷ ለእንግዳው ምቾት ነው። በቆላ ግን ያው መስታወት ቤቱን ምድጃ ያደርገዋል።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት የፀሐይን አካሄድ መመልከት ያስፈልጋል። መተማ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ13 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የቀትር ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ማለትም በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ ሁለተኛ ሳምንት ገደማ፣ በቀጥታ ከአናት በላይ ትውላለች። በእነዚህ ሁለት ጊዜያት መካከል ባለው ክረምት በሰሜን በኩል፣ በቀረው የዓመቱ ክፍል ደግሞ በደቡብ በኩል ታዘነብላለች። ቀኑ አጭር በሚሆንበት በታኅሣሥ የቀትር ፀሐይ ከፍታ 53 ዲግሪ ተኩል ያህል ሲሆን፣ በሰኔ ከሰሜን በኩል 79 ዲግሪ ተኩል ያህል ይደርሳል።

ይህ ቍጥር ወደ ግንብ ሥራ ሲመለስ ትርጉሙ ቀላል ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር የሆነ መስኮት ይታሰብ። ወደ ደቡብ የሚያይ ከሆነ፣ ከላይኛው ጠርዙ 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ የወጣ ጥላ ከቀትር ፀሐይ ይሸፍነዋል። ወደ ሰሜን የሚያይ ከሆነ 25 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል። ወደ ምዕራብ የሚያይ ከሆነ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። በመጋቢት፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን፣ በፀሐይ አቈጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ የፀሐይ ከፍታ 29 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ፣ ያንኑ መስኮት ለመሸፈን ከ2 ሜትር በላይ የወጣ ጥላ ያስፈልጋል። በ11 ሰዓት ደግሞ ከ4 ሜትር ተኩል በላይ ይጠይቃል። እንግዲህ የምዕራብ መስኮት በአጭር የክዳን ጠርዝ ሊጠበቅ አይችልም፤ ከፊት ለፊቱ የሚወርድ ግርዶሽ ይሻል።

በዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። መተማ የአገሪቱ ሰዓት ከሚለካበት መሥመር በስተ ምዕራብ ርቃ ስለምትገኝ፣ የእጅ ሰዓት 6 ሰዓት ሲል ፀሐይዋ ገና ቀትር አልደረሰችም፤ ልዩነቱ በአማካይ ከግማሽ ሰዓት ይበልጣል። ስለዚህ ሠራተኛው ከሥራ ወጥቶ ሻይ ሊጠጣ በሚቀመጥበት በ11 ሰዓት ተኩል ፀሐይዋ ገና ከአድማስ በላይ ናት። ገበያ የሚደራበት ሰዓትና የምዕራቡ መስኮት ክፉ ሰዓት አንድ ሆኑ ማለት ነው። ባለቤቲቱ ወንበሮቿን ከምዕራቡ ግድግዳ ወደ ጓዳው በር ስታሸሽ የምትታየው በዚህ ምክንያት ነው። የሸሸው ወንበር ቍጥር የጠፋው ገቢ ቍጥር ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ጥላው ከመስታወቱ ውጭ ይሁን ወይስ ውስጥ የሚለው ነው። የፀሐይ ብርሃን መስታወትን በቀላሉ ያልፋል። አልፎ ያረፈበትን ጨርቅ፣ ጠረጴዛና ወለል ያግላል። የጋለው ዕቃ የሚያወጣው ሙቀት ግን በመስታወት ተመልሶ በቀላሉ አይወጣም። ስለዚህ በስተ ውስጥ የተሰቀለ መጋረጃ፣ ምንም እንኳ ዓይንን ከነጸብራቅ ቢያሳርፍ፣ ራሱ ግሎ የቤቱን አየር ያሞቃል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው ነው። መጋረጃው ነጭ ከሆነ የብርሃኑን ከፊል ወደ ውጭ ይመልሳል፤ ጥቁር ወይም ደማቅ ቀይ ከሆነ ግን ጕዳቱ ይበዛል። በመስታወት ላይ የሚለጠፈው ጥቁር ላስቲክም ብርሃኑን ቢቀንስ መስታወቱን ራሱን ያግለዋል።

ወንድማማቾቹ አርክቴክቶች አላዳርና ቪክቶር ኦልጊያይ በ1957 እ.ኤ.አ. ስለ ፀሐይ መከላከያ ባወጡት መጽሐፍ የውጭ ጥላ ከውስጥ ጥላ እንደሚበልጥ በሥዕልና በሒሳብ አሳይተዋል። የቀይ ባሕር ዳርቻ ሰዎች ግን ይህን አስቀድመው ያውቁት ነበር። በምጽዋና በሱዋኪን የቆዩ ቤቶች ላይ የሚታየው፣ በእንጨት ፍርግርግ ተሸፍኖ ከግድግዳው ወጣ ያለው መስኮት ነፋስ እያስገባ ፀሐይን በውጭ ያስቀራል። በሱዳን ራኩባ የሚባለው ዳስም የሚሠራው በዚሁ ብልኃት ነው።

ለምዕራብ ጎንደር ቆላ የሚስማማውን ዕቃ ለመምረጥ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በቋራና በመተማ በኩል ሽመል የሚባለው የቆላ ቀርከሃ ይበቅላል። ተሰንጥቆ በሲባጎ ሲያያዝ የሚጠቀለልና የሚዘረጋ ግርዶሽ ይወጣዋል፤ በስንጥቆቹ መካከል ነፋስ ያልፋል፤ ከውስጥ የተቀመጠ ሰው መንገዱን ሲያይ ከውጭ ያለው ግን አያየውም። ሸራም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሸራው ከመስታወቱ ጋር ከተጣበቀ በመካከላቸው የታፈነው አየር ስለሚግል፣ ከላይና ከታች ክፍተት ሊተውለት ይገባል። ቆርቆሮ ብዙ ዘመን ቢቈይም ራሱ ስለሚግል፣ ሰው ከሚቀመጥበት ሥፍራ መራቅና ነጭ ቀለም መቀባት አለበት። ቦታ ላለው ሰው ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው ጥልቅ በረንዳና በስተ ምዕራብ የተተከለ የኒም ዛፍ ነው።

ይህን ምክር የሚቃወም በቂ ምክንያት የለም ማለት አይደለም። ሽመልን ነቀዝና ምስጥ ይበላዋል። ስለዚህ በጊዜው የተቈረጠና በሚገባ የደረቀ መሆን አለበት፤ ከመሬትም መነሣት ይገባዋል። የክረምት ዝናብ ሲጀምር የሚነሣው ብርቱ ነፋስ ያልታሰረ ግርዶሽን ይነቅላል። ከከሰል ምድጃ አጠገብ የተሰቀለ ደረቅ ሽመል ወይም ሣር የእሳት አደጋ ነው፤ በማብሰያው በኩል ሊሰቀል ከቶ አይገባም። ባለሙያው እነዚህን ጕድለቶች ለባለቤቱ አስቀድሞ ሊነግረው ይገባል። በየጥቂቱ ዓመት የሚለወጥ ርካሽ ግርዶሽ መሆኑን ያላወቀ ሰው፣ ግርዶሹ ሲያረጅ የተታለለ ይመስለዋልና።

ሌላው ጉዳይ ጤና ነው። አካባቢው ወባ ያለበት ነው፤ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላ አዛርም የመተማና የሑመራ ቆላ የታወቀ በሽታ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ነፋስ እንዲገባ ግርዶሹ ሲጠቀለል ትንኙም ይገባል። ስለዚህ ጥላና ወንፊት አብረው መታሰብ አለባቸው። የአሸዋ ዝንብ ከወባ ትንኝ ስለሚያንስ በተራው የትንኝ ወንፊት ቀዳዳ ሊያልፍ ይችላል፤ ቀዳዳው የጠበበ ወንፊት ደግሞ ነፋሱን ይቀንሳል። ይህን ለማካካስ መስኮቱን ማስፋት ያስፈልጋል። የሰፋ መስኮት ጥላው በውጭ ካልሆነ ሙቀት ስለሚያበዛ፣ ነገሩ ተመልሶ ወደ ተነሣበት ይደርሳል።

የመስኮት ጥላ ብቻውን ቤትን ያቀዘቅዛል ማለትም ስሕተት ነው። ፀሐይ ከአናት በምትሆንበት በሚያዝያ የሙቀቱን ትልቅ ድርሻ የሚቀበለው የቆርቆሮው ክዳን ነው። ከሥሩ ኮርኒስ ከሌለው፣ በኮርኒሱና በክዳኑ መካከልም አየር ካልተላለፈ፣ መስኮቱን የቱንም ያህል ቢጋርዱት ድካሙ በግማሽ ይቀራል። የመብራት ኃይል ሲቋረጥ የሚቆመውን ማራገቢያ ብቻ ተስፋ ማድረግም አያዋጣም። ጥላ ግን መብራት ቢኖርም ባይኖርም ይሠራል።

በማጠቃለል፣ ለምርጫው ቅደም ተከተል ቢወጣለት መልካም ይሆናል። በመጀመሪያ ቤቱ ገና በወረቀት ላይ ሳለ ሰፊው መስኮት ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይዙር። መንገዱ ግድ ብሎት ወደ ምዕራብ ከዞረ በረንዳ ይጨመርለት። በረንዳው ለማይደርስበት ዝቅተኛ ፀሐይ የሚጠቀለል ግርዶሽ በውጭ ይውረድ። የውስጥ መጋረጃ የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ እርሱም ነጣ ያለ ይሁን። ይህን የሚጠራጠር ባለሙያ ቢኖር፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ከሚያዩ ሁለት ትክክል ክፍሎች የአንደኛውን መስኮት በውጭ፣ የሁለተኛውን በውስጥ ጋርዶ፣ በየክፍሉ አንድ አንድ ቴርሞሜትር ከሰቀለ በኋላ በ11 ሰዓት ይመልከት። ፈተናው ከአንድ ቀን በላይ አይፈጅም።

በቆላው ሻይ ቤት ከፍተው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ብዙዎች ናቸው። ያጠራቀሙትን ገንዘብ ለመስታወትና ለመጋረጃ ካወጡ በኋላ እንግዳ የሚሸሸው ቤት ሲሆንባቸው፣ ጥፋቱ የእነርሱ ብቻ አይደለም። የደጋውን ንድፍ አጣጥፎ ወደ ቆላ የሚያወርድ ባለሙያም ድርሻ አለበት። ለቆላ ቤት ፕላን የሚነሣ አባል ሁሉ የመጀመሪያውን መሥመር ከመሳሉ በፊት ከሰዓት በኋላ በሥፍራው ቆሞ የፀሐይዋን አወራረድ ቢመለከት፣ ለባለቤቱ ገንዘቡን፣ ለእንግዳው ዕረፍቱን ያተርፍለታል።