አገልግሎት ምንድን ነው? ለማንስ ይደርሳል?

ደብተራችሁን ዘርግታችሁ፣ እርሳሳችሁን ይዛችሁ እንደምትጠብቁን ተስፋ አለን። ዛሬ የምንነጋገረው አገልግሎት ስለሚባለው ሥራ ነው። ለምሳሌ እንዲሆነን ወደ ሐዋሳ እንሂድ።

በጠዋት አሞራ ገደል በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን ያስጠጋሉ። ቆሮሶው፣ አምባዛው ይወርዳል። ዓሣ ምርት ነው፤ ይታያል፣ ይቆጠራል። ታዲያ ዓሣውን ቆዳውን ገፎ ሥጋውን የሚለየው ወጣት ምን ሸጠ? እኛን ከመናኸሪያ ያመጣን ባለባጃጅስ ምን ሸጠ? እጃችን ላይ ያስቀረልን ዕቃ የለም። ግን ካሰብንበት አድርሶናል፤ ዋጋውንም ተቀብሏል። እንዲህ ያለው ሥራ አገልግሎት ይባላል። የባንክ፣ የሆቴል፣ የሐኪም፣ የአስተማሪ፣ የፀጉር አስተካካይ ሥራም ከዚሁ ይቆጠራል።

ሐዋሳ በዚህ ሥራ ብዙ እንጀራ የሚበላባት ከተማ ናት። ለስብሰባና ለመዝናናት የሚመጣ እንግዳ ያድርባታል። በ2008 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲመረቅ ደግሞ ከገጠር ብዙ ወጣት ሴቶች ሥራ ፍለጋ መጡ። ልብስ የሚሰፉት እነሱ ናቸው። ቤት የሚያከራያቸው፣ ምሳ የሚሸጥላቸው፣ ደመወዛቸውን የሚያስቀምጥላቸው ግን ሌላ ነው። በአገራችንም ከጠቅላላው ገቢ ከሲሶ በላይ የሚሆነው ከአገልግሎት ሥራ ይገኛል።

እስቲ ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ይህ አገልግሎት ለሁሉ እኩል ይደርሳል ወይ?

አንዲት ዓሣ ሻጭ እናስብ። ስሟ አያስፈልገንም፤ እንዲህ ያሉ እናቶችን ሁላችንም እናውቃለን። ደንበኛዋ፣ «እማማ፣ በቴሌብር ልላክልዎት?» ይላታል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ በስልክ ገንዘብ መላኪያ ነው። ተራ ስልክ ያለውም ሰው *127# ደውሎ ይጠቀምበታል። እሺ አለች። መልእክቱ መጣ። ማንበብ ስለማትችል የጎረቤት ልጅ ጠራች። ልጁ አነበበላት። በሌላ ቀን ገንዘቡን ስታወጣም የሚስጥር ቁጥሯን ነገረችው።

ልብ በሉ! ሚስጥር የተባለው ቁጥር አሁን የሁለት ሰው ሆነ። ልጁ ታማኝ ይሆናል። ባይሆንስ? መልእክቱስ የአጭበርባሪ ቢሆን? የገባ ገንዘብ ሳይኖር «ገብቷል» የሚል የውሸት መልእክት የሚልክ ሰው አለ። ቀሪ ሂሳቧን አይታ ማረጋገጥ ያልቻለች ሴት ዓሣዋን በነፃ ትሰጣለች ማለት ነው። ባንክ ብትሄድም ወረፋውን ከጠበቀች በኋላ ቅጽ ይቀርብላታል። «ልጄ፣ እባክህ ሙላልኝ» ማለት አለባት። ያስቀመጠችውን ብር ልክ ለማታውቀው ሰው ተናገረች። የምትከፍለው የአገልግሎት ዋጋ ግን ከሌላው ሰው አያንስም።

ማንበብ መቻል ብቻውንም አይበቃም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ካስተማረባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ሲዳምኛ ነበር፤ መጽሐፉም በግዕዝ ፊደል ነበር። ዛሬ ሲዳምኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። ያኔ የተማረ አዛውንት ዛሬ በገዛ ቋንቋው የተለጠፈውን ማስታወቂያ ላያነበው ይችላል። ቋንቋው የራሱ ነው፤ ፊደሉ እንግዳ ሆነበት። ታዲያ ጥፋቱ የሽማግሌው ነው? አይደለም። ቅጽ የሚያዘጋጅ፣ ማስታወቂያ የሚለጥፍ ሁሉ አንባቢው ማን እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ነበረበት። ቢያንስ አንብቦ የሚያስረዳ ሠራተኛ በር ላይ ማቆም አይከብድም።

አሁን ወደ ሥራችን። ስልክ ያላችሁ፣ መጨረሻ የደረሳችሁን የገንዘብ መልእክት አውጡ። ሦስት ነገር ፈልጉ፦ ስንት ብር? ከማን? ቀሪው ስንት? በደብተራችሁ ጻፉት። ስልክ የሌላችሁ የመብራት ወይም የውኃ ደረሰኝ ይዛችሁ ቁጥሩን አንብቡ። የሚስጥር ቁጥራችሁን ግን በደብተሩ ላይ አትጻፉ፤ ደብተር ይጠፋል።

ደህና እደሩ።